ለግራ ትከሻ የተሠራው ሰደፍ

ባለፈው ሰሞን የልጄ ባል የሳሎኑን በር ፍቆ የተልባ ዘይት ቀባው። ዘይቱን በቆርቆሮ አሙቆ፣ በጨርቅ እየነከረ ሲያሸው ሽታው ጓዳ ድረስ ገባ። እኔ ጋደም ብዬ ነበር፤ ሳላውቀው ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ልጄ ሮጣ መጥታ «አባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ ዘይቱ ነው» አልኳት። ዘይቱ ብቻ ግን አልነበረም። ከዚያ ሽታ ጋር የአንድ ሰው ፊት አብሮ ይመጣብኛል። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ያን ጊዜ ደሴ ፒያሳ ላይ፣ በአንድ ጨርቅ ሻጭና በአንድ ፀጉር አስተካካይ መካከል ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችኝ። ዛሬ ቦታው ላይ ሞባይል ይሸጥበታል፤ ደጁን ባጃጅ ሞልቶት መተላለፊያ የለም። ያኔ ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ጎረምሳው ከታች እንደ ደወል የሰፋ ቴትሮን ሱሪ ለብሶ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ብርድ እያንቀጠቀጠው ሸሚዙን ደረቱ ድረስ ከፍቶ ይንጎራደዳል። ጨርቅ ሻጩ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ወሬው ሲያልቅ የሰልፍ ዘፈን ይመጣል፤ ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን በዘፈኑ ምት ያንቀጨቅጫል። እኔ አልጋም ቁምሣጥንም እሠራ ነበር፤ ስሜ የወጣው ግን በሰደፍ ነው። ሰደፍ ጠብመንጃው ትከሻ ላይ የሚያርፍበት እንጨት ነው። የተሰነጠቀውን እለጥፋለሁ፣ የሰበሩትን በወይራ አዲስ እሠራለሁ፣ የማይስማማውን ደግሞ በጋለ የተልባ ዘይት ለሰዓታት እያሸሁ፣ በብረት መቆንጠጫ አስሬ፣ በትንሽ በትንሹ አጎብጠዋለሁ። ብዙ ሰው እንጨት እንደሚታዘዝ አያውቅም። ካሞቁትና ከታገሡት ይታዘዛል።

የወፍ ጠብመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ሰዉ የሚያየው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አበባ ነው። የቤልጅግ ነው፣ የጣልያን ነው እያለ ይከራከራል። እኔ የማየው ገዢውን ነበር፤ ክንዱ ስንት ነው፣ አንገቱ ረጅም ነው አጭር፣ ጉንጩ የሞላ ነው የጎደለ። «ዓይንህን ጨፍን» እለዋለሁ። «አሁን ጠብመንጃውን አንሥተህ ትከሻህ ላይ አሳርፍ። ክፈት!» ሲከፍት አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የናስ ፍሬ ልክ በዓይኑ ትይዩ ከታየችው ጠብመንጃው የሱ ነው። ካላየ፣ በወርቅ ቢለበጥም የሱ አይደለም። የበረረች ወፍ ማነጣጠሪያ ጊዜ አትሰጥም፤ ዓይን ባየበት እጅ መድረስ አለበት። ሁለት አፍ ግዛ እለዋለሁ፤ የቀኙ አፈሙዝ የእርሳሱን ፍሬ እንደሚዘራ ገብስ ይበትነዋል፣ ለቅርብ ነው። የግራው አፉ ላይ ጠበብ ስለሚል እርሳሱን ሰብስቦ ራቅ ወዳለችው ያደርሳል። ለቆቅ ደቃቁን እርሳስ፣ ለጅግራ ከሱ ሻል ያለውን፣ ለድኩላ ደግሞ ባቄላ የሚያህለውን። ከዚህ የበለጠ ሊቅነት የለውም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ አላህ ይርሀማቸው። የኩታበር ገበሬ ነበሩ፤ ደሴ የገቡት ከእኔ መወለድ በኋላ ነው። ግራኝ ናቸው። በግራቸው ይጽፋሉ፣ በግራቸው ይፈልጣሉ፣ በግራ ትከሻቸው ይተኩሳሉ። ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን የገዙትን የሁለት አፍ ጠብመንጃ ሰደፍ ለሳቸው ያጎበጥኩት እኔ ነኝ፤ ገና ሥራ የጀመርኩ ሰሞን። ቀኝ እጅ ለሚተኩስ ሰው ሰደፉ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘንበል ይላል፤ የሳቸው ወደ ግራ ነው። ልዩነቱ የጣት ውፍረት አይሞላም። ልብ ብሎ ያላየ ሰው አያስተውለውም፤ ወፏ ግን ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ለአደን የሚወርደው ደምሴ ነበር። ደምሴ በአንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ የነበረ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ከአባቴ በሃያ ዓመት የሚያንስ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። «ጋሽ ደምሴ» ነበር የምለው። ተኩስ ያስተማሩት አባቴ፣ አንዲት ያረጀች ነጠላ አፍ ጠብመንጃ የመረጥኩለት እኔ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው፣ ከኮምቦልቻ በታች ቦርከና ዳር ማሽላ ውስጥ ይውላሉ። ከወደቁት ወፎች አባቴ ቀድመው የደረሱባትን «ቢስሚላህ» ብለው ያርዳሉ፤ ደምሴ የደረሰባትን በአብ በወልድ ብሎ ያርዳል፤ የየራሳቸውን ይዘው በአንድ አውቶቡስ ይመለሳሉ። የደምሴ ከረጢት ባዶ በሆነባቸው ቀናት አባቴ ራሳቸው መትተው ወደጣሏት ወፍ እያወቁ ዝግ ብለው ይራመዱ ነበር። እሱ እንዲቀድማቸው። ይህን እናቴ ናት የነገረችኝ፤ እሳቸው አንድም ቀን አልተነፈሱም።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቀበሌ ተቋቋመ፣ ደምሴም ካኪ ለብሶ ሊቀመንበር ሆነ። ሳቁ መጀመሪያ ከዓይኑ ጠፋ፣ ከዚያ ከአፉ። ጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ። አባቴ ሌላ ያረጀ የጦር ጠብመንጃ ነበራቸው፤ እሱን ተሸክመው ሄደው አስረከቡ። ሁለት አፏን ግን «ይቺ የወፍ ናት፤ ፈቃድ አለኝ» ብለው አስቀሯት። በሦስተኛው ቀን ደምሴ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ቤት አልበረበረም፤ መበርበር አላስፈለገውም። ቀጥ ብሎ ገብቶ፣ አልጋው ጀርባ የቆመውን የተጠቀለለ ሰሌን አንሥቶ ፈታው። ጠብመንጃዋ ከውስጡ ወጣች። የምትቀመጥበትን ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ አባቴ ናቸው ያሳዩት።

አባቴ በዱላቸው ተደግፈው አዩት። «ደምሴ፣ ጨዋችንን በልተሃል» አሉት።

«የፊውዳል ጨው ይቅርብኝ» አለ። ጠባቂዎቹ ሳቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቆሞ ይሰማል።

«ጨው ጨው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በደምህ ውስጥ ያቃጥልህ» አሉት አባቴ።

ለዚያች ቃል ወሰዷቸው። ፀረ አብዮት ተባሉ። አራት ወር ቀበሌው እስር ቤት ተቀመጡ፤ ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው። ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጫማቸውን መልሰው ላኩልኝ፤ እግራቸው ከእንግዲህ አይገባበትም። ጫማውን ደረቴ ላይ ይዤ በፒያሳ ሽቅብ ስመለስ አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ። ምን እንደማልኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአላህም ቢሆን ጮክ ብዬ አልነገርኩትም።

ጥቅምት ሲገባ ደምሴ ሱቄ መጣ። ጠብመንጃዋን በከረጢት ይዟታል። በሩን ዘግቶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ሁሴን፣ ይቺ ነገር አልመታ ብላኛለች። ሦስቴ ወጣሁባት፣ አንዲት ቆቅ የለም። ጥይቱ ወደ ግራ ይሄዳል።»

አገላበጥኳት። ከአባቴ እጅ ከወጣች ጀምሮ ዘይት አልነካትም፤ አፈሙዟ ውስጥ ባሩዱ ጠቁሮ ተጋግሯል።

«ሰደፉ ነው። ለግራኝ የተሠራ ነው» አልኩት። መዋሸት አልቻልኩም፤ ወይም ገና አላሰብኩበትም ነበር።

«እና ለቀኝ መልሰው። የፊታችን እሑድ ከክፍለ ሀገር አንድ ትልቅ አለቃ ይመጣል፤ አደን ይወዳል። ቦርከና ይዤው እወርዳለሁ። እዚያ ጥሩ ከዋልን...» አልጨረሰውም፤ በእጁ ወደ ላይ፣ ወደ ሹመት አሳየኝ።

«አባቴ ይውጡ። ከዚያ እሠራለሁ።»

«ከአብዮቱ ጋር ትደራደራለህ?»

«ከአብዮቱ ጋር አይደለም። ከአንተ ጋር ነው።» ዕድሜ ልኬን አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። እሱም ሰማው። ጠብመንጃዋን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ወጣ። ደሴ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰደፍ የሚያጎብጥ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ተፈቱ። ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያስገባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐረጎን ቁልቁል ወርደው አያውቁም፤ መስጊድ እንኳ በበቅሎ ነበር የሚሄዱት።

ሥራዬን ጀመርኩ። አፈሙዙን ወለወልኩ፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጣሁ። የተልባ ዘይቱን አግዬ ሰደፉን እንደ ሕፃን አሸሁት፤ ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄዶ ፀጉር አስተካካዩ «አሁንም ትሠራለህ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። እንጨቱ እንደ ማር አበራ። ማጎበጡን ግን አላጎበጥኩትም። አንዲት ፀጉር ታህል አልነቀነቅኩትም። አባቴ እንደያዟት፣ ወደ ግራ እንደዘነበለች ተውኳት።

ቅዳሜ መጥቶ ትከሻው ላይ ሞከራት። «አሁንም አፈሙዙ ወደ ቀኝ ይታየኛል» አለ። «አንገትህን ትንሽ ወደ ሰደፉ ጣል አድርግ» አልኩት። ጣል ሲያደርግ የናሷ ፍሬ ታየችው። «አሁን ልክ ነው አይደል?» አልኩት። ጠብመንጃዋን ከትከሻው አውርዶ ሰደፉን ዳበሰው። «ልክ ነው» አለኝ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ አንገት ማጠፍ ይቻላል። ጅግራ ከማሽላ ውስጥ ብር ስትል ግን አንገቱን ለማጠፍ ጊዜ ያለው ሰው እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። ሞክሮ እንዳይነቃብኝ አልፈራሁም፤ ጥይት ያኔ ብርቅ ነበር፤ ለእሑድ የተሰጠውን አንድ ፓኮ ቅዳሜ ሊያባክነው አይደፍርም።

እሑድ ጠዋት እኔንም ይዘውኝ ወረዱ፤ ጠብመንጃ ቢበላሽ እንድጠግን። በላንድሮቨር ነበር። አለቃው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አዲስ የሳፋሪ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። የራሱ ጠብመንጃ አልነበረውም፤ «እኔ ዛሬ ተመልካች ነኝ» አለ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ተገፎ ሙቀቱ ተቀበለን። ቦርከና ዳር ማሽላው ቀልቷል። ገበሬዎቹ ማማቸው ላይ ሆነው ያዩናል። እንዲህ ያለ የሚያምር ጠዋት ለበቀል መሰጠቱ ዛሬም ይገርመኛል፤ ያን ዕለት ግን ለእኔ ብቻ የተዘጋጀ መሰለኝ።

የመጀመሪያዎቹ ጅግሮች ከእግራችን ሥር ተነሡ። ደምሴ ተኮሰ፤ ሁለቱንም አፍ። ወፎቹ እየተንጫጩ ወንዙን ተሻገሩ። «ፀሐዩ ነው» አለ። ቀጥለን ሄድን፤ ደገመ፤ ደገመ። ፊቱ በሰደፉ ላይ በትክክል ስለማያርፍ በእያንዳንዱ ተኩስ እንጨቱ ጉንጩን ይመታዋል። በስድስተኛው ላይ ጉንጩ ቀላ፣ በዘጠነኛው ደማ። በአሥራ አንደኛው ላይ አንዲት ሰነፍ ጅግራ ሳትበር በቁሟ አየችው፤ ተኩሶ አጠገቧ ያለውን ማሽላ ቆረጠው። ማማው ላይ ያለው ገበሬ ሳቀ። ከዚያ አለቃውም ሳቀ።

«ጓድ ደምሴ፣ ይቺ ጅግራ የአብዮቱ አባል ናት መሰለኝ። እስኪ ጠብመንጃውን አምጣ» አለና ተቀበለው።

ከዚያ ያላሰብኩት ሆነ። አለቃው ጠብመንጃዋን ወደ ግራ ትከሻው አነሣት። ግራኝ ነበር። ጅግራዋ ተነሣች፤ በቀኙ አፈሙዝ ጣላት። ከኋላዋ ሌላ ተነሣች፤ ራቅ ብላለች፤ በግራው ጣላት። ሁለት ተኩስ፣ ሁለት ወፍ። ጠብመንጃዋን አገላብጦ አያት፤ ዳበሳት።

«ጠብመንጃው ምንም አልሆነም። ሰውየው ነው» አለ፤ መኪናው ውስጥ ከራሱ አጠገብ አስቀመጣት። አልመለሰለትም። በመልሱ ጉዞ ደምሴ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ፤ ጉንጩ ላይ ደሙ ደርቋል። አንዴ ብቻ ዞሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ወላሂ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ሠርጌም ዕለት እንዲያ አልጣፈጠኝም። ሹመቱ ቀረ። በዓመቱ ከሊቀመንበርነቱ አነሱት፤ የቀበሌ ሱቅ ስኳር መዛኝ ሆነ። እኔ ሁሌ የራሽን ስኳሬን ከሱ እጅ እቀበል ነበር፤ ሚስቴን መላክ ስችል ራሴ እሄዳለሁ፤ ጉንጩን ለማየት።

ያን እሑድ ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ። «ስንት ተኮሰ?» አሉኝ። «አሥራ አንድ።» «አሥራ አንድ ጥይት!» ብለው በጥይቱ አዘኑ። ከዚያ እጄን ያዙ። «በቃህ ልጄ። ቂም እንደ ባሩድ ነው፤ የሚይዘውንም ያጠቁራል። ከዚህ በላይ አትፈልግ።» እሺ አልኳቸው። በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። እሺ ያልኩት ለሳቸው ነበርና ከሳቸው ጋር አብሬ ቀበርኩት።

ደርግ ሲወድቅ ደምሴ ታሰረ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተፈታ። እየመነመነ፣ በአንዲት የእህቱ ልጅ ቤት ተጠግቶ ኖረ። ስንተላለፍ ሰላም አንባባልም። አንድ ቀን ግን ፒያሳ ላይ፣ አሮጌው ሱቄ ፊት ለፊት ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጦ አገኘሁት። እኔም ጡረተኛ ነኝ፤ ሥራ የለኝም። ያቺን ምስጢር ነግሬው ስትቆርጠው ለማየት ያን ያህል ዘመን አስቀምጬያት ነበር። አጠገቡ ቆምኩ።

«ሰደፉን አላጎበጥኩትም ነበር። ሆን ብዬ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሱቅህ። አንገትህን ጣል አድርግ ስትለኝ። አባትህ ጋሽ ይማም ምን ይሉ ነበር? 'ጠብመንጃ ወደ ፊትህ ይምጣ እንጂ ፊትህ ወደ ጠብመንጃ አይሂድ።' ያን ጊዜ ገባኝ።»

ይህ የአባቴ ቃል ነው። ከአባቴ ከራሳቸው ያልሰማ ሰው አያውቀውም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንድ ቃል ብተነፍስ አሻጥረኛ ተብለህ እዚያው ትቀር ነበር። የአባትየውን እግር በልቻለሁ፤ ልጁን ልጨምር?» ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «እያወቅሁ ቦርከና ወርጄ ሳትኩልህ። በምንም ሌላ መክፈል አልቻልኩም።»

ጥዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይራራል ይላሉ። የእኔ አልራራም። ጨዋችንን በላ፣ ጠብመንጃችንን ወሰደ፣ የአባቴን እግር ወሰደ፤ በመጨረሻ የቀረችኝን አንዲት በቀል እንኳ የራሱ ስጦታ አድርጎ ወሰዳት። ያን ሁሉ ዓመት ያጣጣምኩትን ጠዋት እሱ ነው የሰጠኝ ማለት ነው። ይህን ከግርፋቱም በላይ አልረሳለትም።

ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ቀብሩ ላይ ተገኘሁ። ጥቂት ሰው ነበር፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሄዱ፤ ለቀስተኛውም ተበተነ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የእህቱ ልጅ አጠገቤ መጥታ እያለቀሰች እጄን ሳመች። «አባባ፣ እሱ አባትዎን አሳስሮብዎት እርስዎ ግን እስከ መጨረሻው ቆሙለት። የወሎ ሰው እንዲህ ነው፤ ቂም አያውቅም» አለችኝ።

«አላህ ያጽናሽ» አልኳት፤ አላረምኳትም። ቀባሪዎቹ አካፋቸውን ጠርገው እስኪሄዱ፣ አፈሩ ሞልቶ እስኪደለደል ድረስ ቆምኩ። ከዚያ በእግሬ ረግጬ ጠንክሮ እንደሆን አየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።